በአብላጫ ድምፅ የፈረሰው ሰርግ

አንተ ጆሮ ትልቁ፣

ትናንት የእህትህ ሰርግ ለሩብ ሰዓት ያህል ፈርሶ ነበር፤ እንኳን ደስ አለህ። አባትህ ከአገር ቤት በመገናኛ ሬዲዮ ሲጠሩን እኔና ሙሽራው እዚህ ካምፑ ውስጥ ኦፕሬተሩ ክፍል ገባን። ሬዲዮው ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚዘንብ ነው የሚመስለው። የኦፕሬተሩ ጥበብ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ሦስቴ አስብሎ፣ ሁለቴ የሰማውን መጻፍ ነው። «ሰርጉ ፈረሰ፣ ፈረሰ፣ ደረሰ» ሰማና «ፈረሰ» ብሎ ጻፈ። በአብላጫ ድምፅ! ሙሽራው የባትሪው ሳጥን ላይ ዘጭ አለ።

«ጌታዬ፣ ቀጥለው ‹ሱፉን ይዞ ይምጣ› ብለዋል እኮ። ለፈረሰ ሰርግ ነው ሱፍ?» አልኩት ኦፕሬተሩን፣ እኔ ከሰባተኛ ክፍል የተባረርኩት።

«ደንብ ደንብ ነው» አለኝ ባለዲፕሎማው። ግን ሙሽራው አሳዘነው መሰለኝ፣ መልሶ ጠየቀ፦ «በ‹ደ› ነው በ‹ፈ›?»

አባትህም «በ‹ደ›! ‹ደ› እንደ ደንቆሮ!» አሉት።

ይቺ ብቻ ምንም ሳትጎድል ጥርት ብላ ገባች።

እናቴን ሳምልኝ፤ ሁሉን ነገር ሦስቴ ስትናገር ነዝናዛ የምላት ለካ ኦፕሬተር ኖራለች። የወረቀቱ ቦታ ጠበበኝ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደሀ ነኝ። አብላጫውን ውሰድ።