ብሎን የሌለው ማጠፊያ

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ወርቄ፣ ግራጫውን ሹራብህን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሳላስፈቅድህ። ጠዋት ብርድ ነበር፣ የእኔ ደግሞ አልደረቀም። እጅጌው ላይ የቀንድ ብናኝ አለ። አላራገፍኩትም።

ካንተ በኋላ የመጀመሪያ የትምህርት ቀኔ ነው። አስተማሪው ስም ሲጠራ "ወልደአማኑኤል" ብሎ ቆም አለ፣ ከዚያ "አለ" ብሎ ራሱ መለሰልኝ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። በእረፍት ሰዓት ተራ በተራ "ነፍስ ይማር" አሉኝና ስለ ኳስ ማውራታቸውን ቀጠሉ። ጥሩ አደረጉ።

ሁለት ሳምንት ሆነህ። ማጅራት ገትር ሰውን በሦስት ቀን ይጨርሳል? ሐኪሙ ይጨርሳል አለ። እማዬ "የሰው እጅ አለበት" ትላለች። እኔ እንጃ...

ስመለስ ደብተርህን ፈለግኩ። ባለ ጥቁር ሽፋኗን፣ ከቀንድ የምትሠራቸው መነጽሮች ሥዕል ያለባትን። አልጋህ ሥር የለችም። ሣጥኑ ውስጥም የለችም። ብሎን የሌለው ማጠፊያህ እዚያ ውስጥ ነው። "ብሎን ይላላል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ሽማግሌው እግሩን በሽቦ ያስረዋል" ትለኝ ነበር። እግር የምትለው ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ነው። ቀንዱ ቀንዱ ውስጥ ገብቶ እንደ ጉልበት የሚታጠፍበትን መንገድ ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጀብህ። ሌላ ሰው በስሙ እንዲያደርገው አልፈልግም። ይኼን ብቻ ነው የምፈልገው።

ደብተሯ ሙሌ ጋ ትሆናለች። አምስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርታችኋል። ታዲያ ለምንድነው ከሠልስትህ ወዲህ ብቅ ያላለው? አሥራ ሁለትህ ላይ እንኳን?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

አብነት፣ ሱቃችሁ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሳላንኳኳ ገባሁ። ሙሌ አጎንብሶ የሆነ ነገር ይሞርዳል። ሲያየኝ ጨርቅ ጣል አደረገበት። በጣም ፈጠነ።

"ውይ ወልዴ! አስደነገጥከኝ እኮ።"

"ምንድነው የሸፈንከው?"

"አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።"

አቧራውን የሚያወጣው ራሱ! ሞረዱ እጁ ላይ አለ።

"የወርቄ ደብተር አንተ ጋ ናት?"

"የቷ ደብተር?"

"ባለ ጥቁር ሽፋኗ።"

"እ... ያቺ። እፈልጋታለሁ። እዚሁ የሆነ ቦታ ትኖራለች።" ከዚያ "ትምህርት እንዴት ነው?" አለኝ። ወሬ ማስቀየሩ ነው።

ወንበርህ ላይ የቀንድ ቁርጥራጭ ከምሮበታል። ዕቃ ማስቀመጫ አድርጎታል።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

አቧራ። እሺ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሙሌን በአጋጣሚ አየሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ቀርቼ ተከተልኩት።

ከአብነት በእግሩ ወደ ሰንጋ ተራ ወጣ። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዞር። አዲሱ ሕንፃ ሥር አንድ ትልቅ መነጽር ቤት አለ፣ መስታወቱ ላይ ፈረንጅ የሚስቅበት። በሩ ላይ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ጠበቀው። ሙሌ ከኪሱ መነጽር አወጣ። ሰውዬው እግሩን አጠፈው፣ ዘረጋው። አጠፈው፣ ዘረጋው። ብሎን ፍለጋ ገልብጦ አየው። ሳቀ።

ያ ማጠፊያ ያንተ ነው ወርቄ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜም አወቅኩት።

ከዚያ ሙሌ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር አውጥቶ ሰጠው። ደብተር ይሁን ቦርሳ... ታክሲ መጥቶ ከለለኝ። ሲያልፍ ሁለቱም ገብተዋል።

ለእማዬ አልነገርኳትም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሙሌ ምሳ ሲወጣ አይቆልፍም። ጎረቤቱን ጎሚስታ "አደራ፣ እያት" ብሎ ይሄዳል። ይኼን ስለማውቅ ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ግባ የኔ ልጅ፣ የወንድምህ ቤት አይደል" አለኝ። አፈርኩ። ግን ገባሁ።

ጨርቁ አለ፣ ሥሩ ባዶ ነው። ደብተሯም የለችም። የታችኛው መሳቢያ ጥግ፣ ከአሸዋ ወረቀቱ ሥር፣ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጧ ዘጠኝ ክር። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ... ሁሉም ተቋጥሯል። አንዳንዱ ሦስት ቦታ፣ አንዳንዱ አምስት። ቋጠሮዎቹ ውስጥ ፀጉር አለ። የሰው ፀጉር።

ቆርቆሮዋን ሹራቤ ሥር አድርጌ ይዣት መጣሁ።

እማዬ ገና ሳትነካው ጮኸች። "ደንቃራ ነው! ጣለው ከእጅህ! አላልኩም? አላልኩም የሰው እጅ አለበት?"

"የማን ነው?" አለች።

"ከሙሌ መሳቢያ ነው ያገኘሁት።"

ቁጭ አለች። "እቤቴ የበላ... ከእጄ የበላ ልጅ..."

እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ማጅራት ገትር በጀርም እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ተምረነዋል። ግን ሰው ለምን ፀጉር ይቋጥራል? ለምን ይደብቃል?

ኅዳር 15፣ እሑድ

ከልደታ ቅዳሴ ስንመለስ እማዬ ጠበል ረጨችበት። ጓሮ አቃጠልነው። ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ። ቀዩ ክር ናይለን ነው መሰለኝ፣ እየቀለጠ ተንጠባጠበ። እማዬ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ አየች። ከዚያ ገብታ ተኛች፣ ካንተ ቀብር ወዲህ በቀን ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

መጣ። ራሱ ሙሌ።

በር ላይ ቆሞ "እማማ፣ እንደምን ዋሉ" አለ። እማዬ ሰላምታውን አልመለሰችም። እሱ ወደ እኔ ዞረ። "ወልዴ፣ ጎሚስታው መጥተህ ነበር አለኝ። አንዲት ቆርቆሮ አላየህም?"

"አቃጥለናታል!" አለች እማዬ። "ከነቋጠሮህ! ምን አደረገህ ልጄ? ምን በደለህ?"

ሙሌ ፊቱ ተለዋወጠ። የተጋለጠ ሰው ፊት መስሎኝ ነበር። ግን ግድግዳውን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም" አለች እማዬ።

"ቀዩንም?"

በራሴ አዎ አልኩት። ሙሌ ከኮቱ ጫፍ የተተረተረ ክር ስቦ በጠሰና "ና እስቲ" አለኝ። ክሩን ከአፍንጫዬ መሃል ጀምሮ በጆሮዬ ላይ እስከ ኋላ ወሰደው። ዓይኔ ጎን ላይ ቋጠረ። ጆሮዬ ላይ ቋጠረ። ከጆሮዬ ጀርባ ሌላ። ሲስበው ፀጉሬ ቋጠሮው ውስጥ ተነቀለ። አመመኝ።

"ይኼ ማጠፊያው የሚውልበት። ይኼ እግሩ ጆሮህ ላይ የሚያርፍበት። ይኼ ደግሞ የሚጎብጥበት" አለ። "ወንድምህ ሜትር አይወድም ነበር። ሜትር ቁጥር ይሰጥሃል፣ ክር ግን ጭንቅላቱን ይሰጥሃል ይላል። ዘጠኝ ሰው ነበር እዚያ ውስጥ። ወርቄ በእጁ የለካቸው።"

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ወርቄ... እኔ ነኝ የጫርኩት።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ክርህን ጠረጴዛህ ላይ መቶ ጊዜ አይቼ ይሆናል። አንዴ እንኳ "ይኼ ምንድነው?" ብዬ አልጠየቅኩህም።

ደብተሯስ ግን? ስለ ክር አስረዳ እንጂ ስለ ደብተሯ አንድ ቃል አልተናገረም። ሰውዬውስ?

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ይቅርታ ልለው ነው፣ ልጠይቀውም ነው። ሁለቱንም በአንድ አፍ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅኩ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ግባ እንጂ፣ ደግሞ ልትሰልለኝ ነው?" አለ። ግማሹ ቀልድ ነው።

የሸፈነውን አሳየኝ። የሕፃን መነጽር። ሲፈን የምትባል የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ ናት፣ ሰባት ዓመቷ። ቀኝ ጆሮዋ ከተወለደች ጀምሮ የለም። መነጽሯን በላስቲክ አስረውላት ክፍል ውስጥ "ፈረስ" እያሉ ይስቁባታል። ወርቄ፣ ለግራዋ እንደማንኛውም ሰው እግር ሠራህላት። ለቀኟ ግን እግሩ ጫፉ ላይ ሚዶ ነው! አራት ጥርስ ያለው ትንሽ የቀንድ ሚዶ። ሹሩባዋ ውስጥ ገብቶ ይይዛል። ጆሮ አያስፈልገውም።

ብዙ ጊዜ አየሁት። ይኼን ለእኔ አልነገርከኝም።

"ለአርባው ጨርሼ ላመጣላችሁ ነበር" አለ ሙሌ። "ለዚያ ነው የሸፈንኩት። ግን ሚዶው የት ላይ እንደሚውል የሚያውቀው የእሷ ክር፣ ቀዩ፣ ነበር።"

ይቅርታ አልኩት። ከዚያ "ደብተሯስ?" አልኩት።

ረጅም ጊዜ ቀንድ ጠረገ።

"ሰውዬው ጋ ናት። ሰንጋ ተራ።"

"የማን ናት አልከው?"

"ወልዴ..."

"የማን ናት አልከው?"

"የእኔ።" ቀና አላለም። "የሞተ ሰው ሥራ ከሆነ አልጀምርም ነው ያለኝ። ነገ ወራሽ ነኝ ባይ ይመጣብኛል አለ። እኔም... አፌ ቀደመኝ።"

ስለ ክሩ ተሳሳትኩ። ስለ ሰውዬው ግን አልተሳሳትኩም። ይኼ ለምን ደስ አላለኝም?

"አስመልስ" አልኩት። "ለአርባው።"

ኅዳር 22፣ እሑድ

የሲፈንን ልክ እንደገና ልንወስድ ከሙሌ ጋር ጠመንጃ ያዥ ሄድን። የሲፈን እናት ሸምሲያ ወንበር አወጡልን። ልጅቷ ከበር ጀርባ ትንሽ አየችንና መጣች።

"ወርቄስ?"

"ሥራ በዝቶበት" አለ ሙሌ።

እኔን አየችኝ። "አንተ ትመስለዋለህ። አፍንጫህ ግን ትልቅ ነው።"

"ሲፈን!" አሉ እናቷ።

ክሩን እኔ ያዝኩ። ሁለቴ ፈትቼ አሰርኩ። ሲፈን "ወርቄ አንዴ ነው የሚያስረው" አለችኝ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ሙሌ ቀረጸ፣ እኔ አለሰለስኩ። የሚዶው ሁለት ጥርስ ብቻ ቀረ። ደብተሯን አልጠየቅኩትም። እጁን ግን አያለሁ። ማጠፊያውን ሥዕሉን ሳያይ ነው የሚሠራው። ደብተሯ ብትመለስስ፣ እጁን ምን ላደርገው ነው?

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

አርባው ተደረገ። ሙሌ ከሰው ሁሉ በኋላ መጣ። ደብተሯን እማዬ እጅ ላይ አስቀመጠና ጉልበቷን ሳመ። እሷም "ደንቃራ ማለቴን ይቅር በለኝ" አለችው። ሁለቱም አለቀሱ።

እኔ ደብተሯን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ የለም። ስምህ የነበረበት።

ውጭ አስወጣሁት። "ሰውዬው ነው የቀደደው?"

"እኔ ነኝ።" አሁን ቀና ብሎ አየኝ። "ሳልሰጠው በፊት።"

ደብተሯን ዘጋሁ።

"እውነቱን ዛሬ ነገርኩት። የጀለሴ ነው፣ ሞቷል፣ ወንድም አለው አልኩት። ደብተሯን ወረወረልኝ። እጅህን ግን እፈልገዋለሁ አለ። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ልገባ ነው።"

"ማጠፊያውን ልትሠራለት?"

"ሌንስ ልቆርጥለት።" የሱቁን ቁልፍ ዘረጋልኝ። "ቅዳሜ አንተ ክፈት። ሲፈን ትመጣለች። እኔ ከወርቄ ወንበር አጠገብ... አልቻልኩም ወልዴ።"

ልመነው? ሌንስ ብቻ? ቁልፉን ተቀበልኩት።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ብቻዬን የከፈትኩበት የመጀመሪያው ጠዋት።

ቁልፉ እምቢ አለኝ። ጎሚስታው መጥቶ በሩን በትከሻው ገፋ አድርጎ "እንዲህ ነው፣ ትንሽ ክብር ይወዳል" አለ። ወንበሩ ላይ ያለውን ቁርጥራጭ አነሳሁና ተቀመጥኩበት። የቀሩትን ሁለት ጥርሶች ሞረድኩ። የመጨረሻዋ ጫፏ ትንሽ ተሸረፈች። በአሸዋ ወረቀት አደበዘዝኳት፣ ቆዳ እንዳትወጋ።

አራት ሰዓት ላይ ሲፈንና እናቷ መጡ። ሹሩባዋ አዲስ ነው፣ ወደ ኋላ የተሠራ። ግራውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩ፣ ቀኙን በሹሩባዋ ውስጥ አንሸራተትኩት። ያዘ። ራሷን ነቀነቀች። ዘለለች። አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ነካች። አልወደቀም።

"ወርቄ መቼ ነው የሚመጣው? ላሳየው።"

ሸምሲያ መሬት አዩ። ያውቃሉ ማለት ነው፣ ሰው ነግሯቸዋል። ሥራ በዝቶበት ልል አፌን ከፈትኩ።

"አይመጣም። ሞቷል። ወንድሜ ነበር።"

በአዲሱ መነጽር ትክ ብላ አየችኝ።

"እሺ ይኼን ማን ሠራው?"

"እሱ ነው ያሰበው። ሙሌ ቀረጸው። እኔ ጥርሱን ሞረድኩ።"

"አንዱን ሰብረኸዋል" አለች፣ በጣቷ እየዳሰሰች።

"አዎ።"

"አይወጋም ግን።"

ከሄዱ በኋላ ደብተሯን ከፈትኩ። ከተቀደደው ገጽ ቀጥሎ ባለው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ አሳቢ፣ ወርቅአፈራሁ። ቀራጭ፣ ሙሉጌታ። ሁለተኛውን ስም ከመጻፌ በፊት ብዙ ቆየሁ። ሌንስ ብቻ ይቆርጥ ይሁን፣ ማጠፊያውንም ይሥራ፣ አላውቅም። ይኼን ግን ሠርቷል።

ሦስተኛ መስመር ለራሴ ጀመርኩና ተውኩት። የሰበርኩት አንድ ጥርስ ነው።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ከክምሩ አንድ ቀንድ መረጥኩ፣ ቀቅዬ ላለሰልሰው ውሃ ጣድኩ።