የቤት ስምሽ

ውድ የልጆቼ እናት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደኅና ነኝ ልበልሽ ወይስ አልበልሽ፣ አላውቅም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጧት ጧት ጸሎቴን አደርሳለሁ። ሁሉም ግን የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኛል። የሙት ዓመት ተዝካርሽ ትናንት ወጣ። እሱን ልነግርሽ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ግን የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው።

ከቀበርንሽ ወዲህ ስምሽን መጥራት አቃተኝ። ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሄጄ ጸሐፊዋ የሚስቴን ስም ስትጠይቀኝ መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ራሷ ታንብበው ብዬ። እንባም የለም።

አንቺ የስንቱን ሙሾ አወረድሽ! እዚህ አሽዶድ፣ ሰፈራችን ሮቫ ዳሌት ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው የአንቺ መምጣት ነበር። እኔ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ተቀምጬ እሰማሽ ነበር። ከመጀመርሽ በፊት ከቤተሰቡ አንዷን ጠጋ ብለሽ፣ «በቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሩት?» ትያታለሽ። በዚያ ስም ነው የምትጀምሪው። ያን ጊዜ የማያለቅስ አልነበረም። በአንቺ ተራ ግን የሚያወርድ ጠፋ። የዚህ አገሩ የአይሁድ ካህን፣ ረቡ፣ ስምሽን ከወረቀት ላይ አነበበው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ዝም አሉ።

ኖፊት ልጃችን በየቀኑ ምግብ ታመጣልኛለች። «ምግቡ እንዴት ነው አባዬ?» ስትለኝ፣ «ደኅና ነው» እላታለሁ። አፌ ውስጥ ግን ጣዕም የለውም፣ ወረቀት ነው። አንድ ቀን አብረን እየበላን ሳለ የሮኬት ጥቃት ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያው ክፍል ሮጠች። እኔ እየቆረስኩ ተቀምጫለሁ። ተመልሳ መጥታ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

«አልሰማህም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነሳም?»

ብፈራ እኮ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙም ለሽማግሌዎች ክበብ ጻፈልኝ፤ እዚያ በሙዚቃ ሰው ይታከማል አለ።

በሐዘን ዓመት ሙዚቃ! ሄጄ ከአገር አብረውን የመጡትን የእኛን ቄስ፣ ቄስ ኤልአዛርን፣ ጠየቅኋቸው። «ዘፈኑን ተወው፣ ማሐሪ። ለቅሶ ዜማ የለውም እንዴ? እሱን ይዘህ ሂድ» አሉኝ።

አካሚዋ ሊኖር ትባላለች። የእኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፤ አማርኛዋ ትንሽ ይወላገዳል። በክብ አስቀምጣ ከበሮና ቃጭል አደለችን። መናሼ፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ «በቃ፣ መዋዕለ ሕፃናት ገባን! ማሐሪ፣ ማታ እናትህ ናት የምትወስድህ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ክኒኑ የት እንዳለ ጠየቅኋት።

«ክኒን የለም፣ አባ ማሐሪ። ዘፈንም አላስተምርም» አለችኝ። «ሰው መናገር ሲያቅተው ዜማ አንዳንዴ በሌላ በር ይገባል። ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈሶ አፋቸው የተያዘ ሰዎች አሉ፤ ‹ውኃ› ማለት የማይችሉ፣ በዜማ ግን ይሉታል። እርስዎ ይምቱ፣ እኔ እከተልዎታለሁ።»

«ምን ልምታ?»

«እጅዎ የፈቀደውን።»

እጄ ምን እንደፈቀደ ታውቂያለሽ? ያንቺን ምት። ደረትሽን የምትመቺበትን፣ ሁለቱ ቀስ፣ አንዱ ከበድ የሚለውን። ውጭ ተቀምጬ ለካ እጄ ሲማር ኖሯል። ስዘገይ ዘገየች፤ ስቆም ቆመች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሁሉም ይጎትተኛል፤ የተከተለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ለቅሶ መሆኑን ስነግራት ማንጎራጎር ጀመረች። «እዚህ ጋ ስም ነው የሚገባው፣ አይደል?» ትለኛለች፤ ቦታውን ባዶ ትታ ትጠብቃለች። አይወጣም። «ግድ የለም» ትልና ደግማ ትጀምራለች። በየሳምንቱ እንዲሁ። መናሼ፣ «የእኔን ስም አስገቡበት፣ እኔም ብሆን ከሞት አልራቅሁም!» ይላል።

ተዝካርሽ ሲቃረብ ሊኖር ከበሮዋን መሬት አስቀምጣ ጠጋ አለችኝ።

«አባ ማሐሪ፣ በቤት ውስጥ ምን ብለው ነበር የሚጠሯት?»

ማን ነገራት? ማንም። አንቺን አታውቅሽም። ለሰው ሁሉ የጠየቅሽውን፣ ስለ አንቺ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። እጄ መምታቱን ሳይተው አፌ ተከፈተ፤ ልጆቹ በሌሉበት ብቻ የምጠራሽ ስም በዜማ ወጣ። ድምፄ የዛገ የበር ማጠፊያ ነው። መናሼ እንኳ አልቀለደም።

ትናንት ቄስ ኤልአዛር ጸሎቱን ከፈጸሙ በኋላ ሴቶቹ እንደ ቀብሩ ቀን ዝም ብለው ተቀመጡ። ወንድ ሙሾ አያወርድም፣ አውቃለሁ። ተነስቼ ደረቴን መታሁ፤ ሁለቱን ቀስ፣ አንዱን ከበድ አድርጌ። «ሐረግዬ» አልኩ። ምስጢራችንን ሰው ፊት አወጣሁት፣ አትቀየሚኝ። ከጥግ አንዷ ተቀበለችኝ፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ኋላ ቤቱ በሙሉ።

እኔ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ሲያነባ እንደ ግንድ ቆሜ ነበር። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ብቻ ምግብ ቀረበ፣ ጎረስኩ፣ «ኖፊት፣ ወጡ ጨው አንሶታል» አልኳት። የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ? ትንሽ ነው እኮ ያነሰው» አልኳት።

«ዓመት ሙሉ ‹ደኅና ነው› ስትለኝ ነው የኖርከው፣ አባዬ!»

ጨው አመጣችልኝ። ነሰነስኩበትና በላሁ።

ክበቡን አልተውኩትም። እንባው ከመጣም በራሱ ጊዜ ይምጣ። ከእንግዲህ ማንም ሚስትህ ማን ነበረች ቢለኝ መታወቂያዬን አላወጣም፤ በአፌ እነግረዋለሁ። የአባቶቻችን አምላክ ነፍስሽን ያሳርፍልኝ፣ ሐረግዬ።

ያንቺው ማሐሪ
አሽዶድ