ባለ ሞላው ወንበር

ይድረስ ለአባዬ፣ ካለህበት፤

ከሄድክ ነገ ዓመት ይሞላሃል። ዕድሜህን ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆመህ፣ አድራሻ ሳይጽፍ የሚመጣውን ሁሉ ስትቆጣ ኖረህ፣ ይኸው የገዛ ልጅህ አድራሻም ቴምብርም የሌለው ደብዳቤ ትጽፍልሃለች። እንግዲህ ተቆጣኝ። ቁጣህም ናፍቆኛል።

ቤቱ ደህና ነው። እኔና ታደሰ ገብተንበታል። በጓሮ በኩል የሚያፈስሰውን ጣሪያ ደፍኖታል። ስኳር አሁንም በቀበሌ ነው፣ ሰልፉም ያው ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ ብሶበት ጋቢህን እኔ ነኝ የምለብሰው፤ ታደሰ ያንተን አካሄድ እየሄድኩ ነው ብሎ ይስቅብኛል። አጥር የሚጋሩን ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ግን ከገበያ ሲመለሱ ጋሪ ተገልብጦባቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ተኝተው ወጥተዋል፣ አሁን ከመቀመጫቸው መነሳት አቅቷቸዋል። የምጽፍልህም አንድም በእሳቸው ምክንያት ነው።

ወንበርህ እንደነበረ በሩን ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል። ማንም አይቀመጥበትም። ሳጸዳው ሞላው ሲጢጥ ሲል ልቤ ድንግጥ ይላል።

አቤት አንተና መነሳት! ሰው ደጃፍ ላይ ከደረሰ ጉርሻህን ትተህ ብድግ ነው። የጎረቤት ሕፃን ወንፊት ሊዋስ ሲገባ እንኳ ተነስተህ «ኖር!» ትላለህ፤ ሕፃኑ ግራ ገብቶት ሲያይህ «በእግዜር» እስኪል ቆመህ ትጠብቀዋለህ። እኛ ሰፈር ስንት ልጅ ይህን ቃል ካንተ ተማረ መሰለህ።

ያ ክረምት ደም ግፊቱ ግራ ጎንህን ሲያሰንፈው፣ መጀመሪያ ቀልደህ ነበር። ለመፈክር የሚነሳው እጄ ነው የሄደው፣ የማማትብበት ቀርቶልኛል ስትል፣ ኧረ ሰው እንዳይሰማህ ብዬ አፍህን ልይዝ ሮጥኩ። በእግርህ ግን አልቀለድክም። ሰው ሲመጣ ተኝቷል በሉ ማለት ጀመርክ። ተቀምጬ ሰው አልቀበልም አልክ፣ በቃ።

እኔንስ ያሰብከኝ መቼ ነው? የታደሰ ቤተሰቦች ሽማግሌ ለመላክ ቀን ሲለምኑ፣ ስቆም ይምጡ አልካቸው። ሁለት ፋሲካ አለፈ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን እኔው የማስተምርበት ክፍል ያስመዘግባሉ፣ እኔ ያንተን ጉልበት እጠብቃለሁ። ተናድጄብህ ነበር አባዬ፤ ዛሬ ልንገርህ። ጓዳ ገብቼ አለቅስና ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ።

ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ ትዝ ትልሃለች? መድኃኒቱ መነሳት ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ ከወንበር ይነሳ ብላ አዘዘች። እኔ በብብትህ ይዤ ላነሳህ ስል ወገቤ ይቀጫል፣ አንተም በልጅህ መደገፍ ታፍራለህ። ይህን ለታደሰ ነገርኩት። እሱ ትራክተር የሚጠግን ሰው፣ የሚያውቀው ያንኑ ነው፤ ከተጣለ ትራክተር ላይ መቀመጫ ለመውሰድ የአለቃውን ፊርማና ማኅተም ለመነ፣ ከሥሩ ሁለት ሞላ ገጠመ፣ ግራና ቀኙን የቱቦ መደገፊያ በየደለት። ሞላውን ጨቁኖ የሚይዘውን ማቆሚያ ፈትተህ ወደ ፊት ዘንበል ስትል ሞላው ከሥር ይገፋሃል።

የመጀመሪያው ቀን! ሞላው በርትቶ ወርውሮህ ታደሰ ደረት ላይ አረፍክ። ሽማግሌ ሳይላክ አማቹን ያቀፈ አባት ባገሩ አንተ ብቻ ነህ። ያን ቀን ከወራት በኋላ ስትስቅ ሰማሁህ። ታደሰም አፍሮ አንዱን ሞላ አወጣው።

ከዚያ ግን የጎረቤት ይሉኝታ መጣብን። ወንበሩን አምነህ በሩን ብታስከፍት፣ ገና መነሳት ስትጀምር የገባው ሁሉ «አፈር ስሆን አይነሱ!» እያለ ትከሻህን ይዞ መልሶ ያስቀምጥሃል። እትዬ ዘይነባማ በሁለት እጃቸው ነበር የሚጫኑህ፤ «ታኣ! ታኣ!» ይላሉ በኦሮምኛ፣ ተቀመጡ ለማለት። ሞላው ከታች ይገፋል፣ ጎረቤት ከላይ ይጫናል፣ አንተ መሃል ላይ ላብ በላብ። ከክብር የተነሳ ሽባ አድርገው ሊያስቀሩህ ነበር።

አንድ ቀን ደሜ ፈላ። በር ላይ ቆሜ፣ እዚህ ቤት አይነሱ የሚል ሰው እንዳይገባ አልኩ። ባለጌ ተባልኩ፣ የአስተማሪ ባለጌ። ነገሩ የገባቸው እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት ሰባት ጊዜ ገቡ። ጨው አለቀብኝ፣ ወንፊት አውሱኝ፣ ሻሼን ረሳሁ፣ ደግሞ ጨው። አንተም እያንዳንዷን ጊዜ ተነሳህ። ሲወጡ፣ ይቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነክቷት ነው አልከኝ፤ እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጓዳ ገባሁ። ቀስ በቀስ ሰፈሩ ሁሉ የሚረሳው ዕቃ አበዛ። ነርሷ ካዘዘችው እጥፍ ትነሳ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በጥቅምት አንድ እሑድ መጡ። ሦስት ነበሩ፣ ታደሰ አስቀድሞ አስጠንቅቋቸዋል። እኔ መጋረጃ ጀርባ ነኝ። ማቆሚያውን ፈታህ፣ ዘንበል አልክ፣ ጉልበትህ ተንቀጠቀጠ። አንደኛው ሽማግሌ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ቀጥ ብለህ ቆመህ «ኖር!» ስትል፣ ሦስቱም ባንድ ድምፅ «በእግዜር!» አሉ። መጋረጃውን ነክሼ አለቀስኩ። የዳርከኝ ያኔ ነው፣ ሌላው ድግስ ነው።

አሁን ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ልንገርህ። የመልሳችን ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ፣ እኔ በፊት በር ስገባ ተነሳህ። ለእኔ። አባት ለልጁ ይነሳል? እንደ እንግዳ ቆጥረህ፣ በሙሉ ቁመትህ ልትቀበለኝ «ኖር!» አልክ። እኔ ጎረቤቱን ሁሉ ባለጌ እስክባል የተቆጣሁት፣ «በሞቴ አባዬ፣ አትነሳ!» ብዬ ሮጬ ትከሻህን ይዤ አስቀመጥኩህ። ቤቱ ሳቀ። እትዬ ዘይነባ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንተ ፈገግ ብለህ ማቆሚያውን መለስከው። ከዚያ በኋላ ስመጣ፣ እንዳትነሳ ብዬ፣ እንደ ልጅነቴ በጓሮ በር ነበር የምገባው፤ ለ«ኖር»ህ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ እያልኩ ወራቱ አለፉ፣ አንተም ሄድክ።

ነገ ሙት ዓመትህ ሲያልቅ ታደሰ ወንበሩን ለእትዬ ዘይነባ ይወስድላቸዋል። ያወጣውን ሞላ መልሶ ገጥሞታል፤ መቼም እንደምታውቀው ቀላል ሴት አይደሉም። እኔም ከሰኞ ጀምሮ ጨው ሊያልቅብኝ ነው፣ በቀን ሰባት ጊዜ። ትከሻቸውን ላልነካ ምያለሁ። ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ፣ ግን ሳልነግርህ ከቤት ላስወጣው አልቻልኩም።

ቀድማህ የሄደችውን እማዬን ሳምልኝ። ደጃፌን የረገጠ ሁሉ፣ ወንፊት ሊዋስ የመጣ ሕፃን ቢሆን እንኳ፣ ተነስቼ እቀበለዋለሁ፤ በተነሳሁ ቁጥርም አስብሃለሁ። ይህን የመጨረሻውን መስመር የምጽፈው ወንበርህ ፊት ቆሜ ነው።

በእግዜር፣ አባዬ። አሁን ተቀመጥ።

ልጅህ