ሁለት ሀቢቡ ያስፈለገው የፀደይ ፕሮግራም

ቡታጅራ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 13 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለተከበሩ ካፒታኖ ጋልቫሪኒ፣
የቡታጅራ ገዥና የ«ሕዝብ ዩኒቨርሲቲ» መሥራች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ እንደምን ሰነበተ? ነገ ከላይ በሚመጡት ታላቅ እንግዳ ፊት ያለ አስተርጓሚ ብዙ መናገር ስለሚኖርብዎ፣ ፈጣሪ ድምፅዎን እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እለምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ለክብርዎ ስል ነው። ፕሮግራምዎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ሕዝብ ሁሉ እያነበበው፣ የእኔ ምስጋና በፖስታ ታሽጎ ቢደርስዎ ንፉግነት መሰለኝ። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ከፕሮግራሙ ጎን ለጥፌዋለሁ። የቀሩት በመስጊዱ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በገበያው መግቢያ ይገኛሉ። ማንበብ ያልቻለ የሚያነብለት አያጣም፤ በዚሁ ግቢ ስድስት ዓመት ፊደል አስቆጥሬያለሁና።

አንደኛ። ዩኒቨርሲቲ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። የነበረን ባለ ሦስት ክፍል ትምህርት ቤት ነበር። እርስዎ መጻሕፍቱን አስወጥተው ካስቃጠሉ፣ ልጆቹን ወደየቤታቸው ካሰናበቱና የመጻሕፍቱን ግምጃ ቤት እስር ቤት ካደረጉ በኋላ «የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉበት። እኔ ዩኒቨርሲቲ አይቼ ስለማላውቅ፣ በሌላውም አገር የሚሠራው እንዲሁ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ፕሮግራሙን በአማርኛ እንድጽፍ ሲያዙኝም ጻፍኩ፦ «የፀደይ በዓላትና ሕዝባዊ ንግግሮች፣ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት።» መንግሥትዎ ሥልጣን ከያዘበት ዓመት የሚነሣ አቆጣጠር መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው በሽማግሌ ፊት ያዳምጣል እንጂ አይናገርም። ደግሞም ወራቱ እዚህ በልግ ነው፣ ፀደይ አይደለም። ይህንን አልነገርኩዎትም። ያን ጊዜ ብዙ ነገር አልነግርዎትም ነበር።

ሁለተኛ። ስለ ቀኑ አመራረጥ። አራቱንም ጉባኤዎች ዓርብ በቀትር አደረጓቸው፤ ባንዳዎችዎም ሰዉን ጁምዓ ሳይሰግድ ከመስጊዱ በር እየነዱ አመጡት። ነገ የሚሆነው መዝጊያ ደግሞ፣ ከነጡሩምባው ከነጂምናስቲኩ፣ ስቅለት ላይ ዋለ። እስላሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ሰዓት ለማስቀየም ሌላ ሹም ብዙ ዓመት ይፈጅበት ነበር። እርስዎ በአንድ ወረቀት ጨረሱት። እዚህ አገር ጎረቤትነታችን የቆየ ቢሆንም፣ እንዲህ አንድ ልብ ሆነን አናውቅም ነበር። ባለውለታችን ነዎት።

ሦስተኛ። ስለ ትምህርቱ። መጋቢት 23 ቀን የተደረገው የመጀመሪያው ንግግር «ስለ ዘመናዊ እርሻ» ነበር፤ ተናጋሪው የእርሻ ሊቅዎ ዶቶሬ ስካልቬዚ፣ አስተርጓሚው እኔ። ዶቶሬ በመስኮቱ ወደሚታየው እንሰት እያመለከቱ፣ «ይህ ሙዛችሁ ፍሬ የማይሰጣችሁ ስለምትቸኩሉ ነው፤ አብቦ እስኪያፈራ ድረስ ጠብቁ፤ ከእንግዲህ ሳያፈራ የቆረጠ ይቀጣል» አሉ። ተረጎምኩ። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። እንሰት ስድስት ሰባት ዓመት በግንዱና በሥሩ ያጠራቀመውን ምግብ አበባው እንደሚጨርሰው፣ ሰው ቆጮውን የሚያገኘው ቀድሞ ሲቆርጠው እንደሆነ ለማወቅ ዶቶሬ መሆን አያሻም። አንድ ጊዜ መራብ ይበቃል።

ያኔ ሀቢቡ ተነሣ። ሀቢቡ በከተማው ዳር ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር ገበሬ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፤ እንሰቱ ካበበ ለእኛ የሚተርፈን ቃጫው ነው። ፍሬው እስኪደርስስ እርስዎ ያበሉናል ወይ?» አለ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ቃል በቃል። ገና በዓረፍተ ነገሩ እኩሌታ ላይ ሳለሁ ፊትዎ ሲለወጥ አየሁ። አየሁና ጨረስኩት። አዳራሹ ሳቀ። እርስዎም መንግሥቱን ሕዝብ አስራቢ ብሏል ብለው እዚያው ግቢ ውስጥ ሠላሳ ጅራፍ አስገረፉት፤ ከዚያም ግምጃ ቤቱ ውስጥ አስቆለፉበት። እነሆ ሃያ ቀኑ። ከመዝጊያው በዓል ማግሥት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በካሚዮን ተጭኖ ወደ ሱማሌ በረሃ እስር ቤት እንዲሄድ መታዘዙን አውቃለሁ። ይህ ብቻ በፕሮግራሙ ላይ አልተጻፈም።

አራተኛ። ይህ የእኔው ጉዳይ ስለሆነ ሊዘሉት ይችላሉ። በሦስተኛው ቀን የሀቢቡ ባለቤት ከደጄ መጣች። አልገባችም። ከአጥሩ ወዲያ ቆማ፣ «መምህር፣ ያልካቸው ሀቢቡ የተናገረውን ነው?» አለችኝ። አዎን አልኳት። «ሳትጨምር?» ሳልጨምር። «ሳትቀንስም?» ሳልቀንስም።

«ትንሽ ብትቀንስለት ምን ነበረበት?»

እግሯን እስክታነሣ ድረስ መልስ ፈለግሁ። አሁንም እየፈለግሁ ነው፤ ምናልባት ይህ ደብዳቤ እርሱ ነው። በትክክል መተርጎም ታማኝነት ይመስለኝ ነበር። ለማን ታማኝ እንደሆንኩ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ቂም ሁሉ የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎ። እኩሉን ለራሴ አስቀርቻለሁ። የእርስዎን እኩሌታ ግን ሳልቀንስ እነሆ።

አምስተኛ። ስለ ሪፖርትዎ። ለበላይዎ፣ ማለትም ለነገው እንግዳ፣ በላኩት ጽሑፍ፣ የእርሻው ንግግር በእልልታ እንደ ተፈጸመ፣ ሀቢቡ የተባለ አንድ ገበሬ ብልህ ጥያቄ ጠይቆ እንደ ተሸለመ ገልጸዋል። ይህን የማውቀው፣ ያልተሰጠውን የሽልማት ወረቀት አማርኛ ያጻፉት እኔን ስለሆነ ነው። ታላቁ እንግዳም ነገሩ እጅግ ደስ አሰኛቸውና ነገ ከዚያ ገበሬ ጋር አብረው ፎቶግራፍ መነሣት እንደሚፈልጉ መለሱ። እውነተኛው ሀቢቡ ግን ጀርባው ገና አልጠገገም፤ ቀጥ ብሎም መቆም አይችልም።

ሌላ ሹም እዚህ ላይ ያፍር ነበር። እርስዎ ሌላ ሀቢቡ ፈለጉ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ያዥ ባንዳ ሸረፋን መርጠው፣ ንጹሕ ጋቢ አልብሰው፣ «ሦስት ቀን አለህ፤ ሀቢቡ መሆን አስተምረው» ብለው ሰጡኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ በክፍሌ ውስጥ ተማሪ አየሁ። ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ አስተማርኩት። እጁን ደረቱ ላይ እንዴት እንደሚያደርግ። እንሰቱን በስንት ረድፍ እንደ ተከለ። የሚስቱን ስም፣ የአራቱን ልጆች ስም። ሸረፋ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አንዴ የሰማውን አይረሳም። የመጨረሻዋን ልጅ ስም ስነግረው፣ ኡሚ ትባላለች፣ አባቷ ከታሰረ በኋላ ነው በእግሯ መሄድ የጀመረችው አልኩት።

«እሱ አላየም?» አለኝ።

አላየም አልኩት።

«ታዲያ እኔ አየሁ ነው የምለው፣ መምህር?»

ይህ በትምህርት ቤታችን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም፤ በጋቢው ጫፍ ቁልፎቹን ይጠርግ ነበር። ግምጃ ቤቱ ከክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሳል ይሰማል።

ስድስተኛ። ስለ ፍርድዎ። ክቡርነትዎ ፈራጅ ብቻ መሆንዎን ለምደዋልና፣ እንደ ተፈረደብዎ ስነግርዎ እንዳይቆጡ አደራ። ባለፈው እሑድ የአካባቢው ሽማግሌዎች ጀፎሮው ላይ፣ ማለትም ማንም የማያርሰው፣ ማንም ቤት የማይሠራበት ከየደጁ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ተቀመጡ። በዚህ አገር ዱላ የማይደርስበትን ጥፋተኛ የሚቀጡት በዝምታ ነው፤ ሰላምታው አይመለስለትም፣ እሳት አይጫርለትም፣ ሐዘን አይደረስለትም። ሰብሳቢው አባ ከድሮ ፍርዱን ሲሰጡ፣ «ለጥያቄ ጅራፍ የመለሰ ሰው ከእንግዲህ ከማንም መልስ አያገኝም» አሉ።

ስለዚህ ነገ አዳራሹ ባዶ ይሆናል ብለው አይስጉ። ሰዉን መንዳት ይችላሉ፣ ይመጣልዎታል፤ ሕፃን ያዘለችውም፣ ምርኩዝ የያዘውም ተሰልፈው ይቀመጣሉ። እንግዳዎ ግን እንደምን ዋላችሁ ሲሉ አንድ ሰው አይመልስም። ጡሩምባው ሲቆም አንድ እጅ አያጨበጭብም። «ሥልጣኔ ምንድን ነው?» የሚለውን የመዝጊያ ንግግር ጨርሰው፣ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲሉ፣ ከዝንብ በቀር የሚናገር አይኖርም። እንግዳው ወደ እርስዎ ዞር ይላሉ። የዚያን ጊዜውን ፊትዎን አለማየቴ ብቻ ይቆጨኛል።

ፍርዱ እኔንም ያካትታል፤ ሀቢቡ እስኪመለስ ድረስ። አባ ከድሮ፣ «መምህር፣ ምላስህ ንጹሕ ነው፤ አንተ ግን ምላስ ብቻ ሆነህ ቀረህ» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ቡታጅራ ውስጥ ያናገሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እርስዎ፣ ሁለተኛው የእርስዎ ሐሰተኛ ሀቢቡ። በከተማው ሰው ዝምታ ውስጥ አራት ቀን ኖሬ አየሁት። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ይችሉት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ምናልባት ይህን አንብበው ከተማውን ሊያቃጥሉ ይነሡ ይሆናል። የፈራሁትም ይህንኑ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ የቀደድኩትም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን እንግዳዎ ከነፎቶግራፍ አንሺያቸው መንገድ ላይ ናቸው። የሚነድ ጎጆ ደግሞ ለፀደይ በዓል ፎቶግራፍ አያምርም። ጥፋተኛ ካስፈለገዎ ስሜ ከታች አለ፤ ቤቴ ክፍት ነው፤ ውስጡ አንድ ወንበርና ሙሉ የፕሮግራም ወረቀት ያገኛሉ።

ሕዝብን ለማስተማር የደከሙት ድካም በእጥፍ ተመልሶ ወደ ቤትዎ እንዲገባ እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሸዋንግዛው ፈቃደ
በዚሁ ግቢ የቀድሞ መምህር፣ እስከ ትናንት ማታ የክቡርነትዎ አስተርጓሚ

ማስታወሻ፦ ግምጃ ቤቱን ለማየት ቢሄዱ በሩ እንደ ተቆለፈ ነው፤ ሸረፋ ሥራውን አክብሮ ቆልፎ ነው የሄደው። ውስጥ የሚስል ሰው ግን የለም። የመጨረሻውን ትምህርት ስንጨርስ፣ «መምህር፣ ሁለት ሰው አንድ ስም መያዝ አይችልም፤ ልመልስለት» ብሎኝ ወጣ። ሁለቱም በየት በኩል እንደሄዱ ብጠየቅ፣ አልተረጉምም። ለነገው ፎቶግራፍ እንግዲህ እውነተኛውም ሐሰተኛውም ሀቢቡ የለዎትምና፣ ንጹሑን ጋቢ አጣጥፌ በወንበርዎ ላይ ትቼልዎታለሁ። በልክዎ ይመስለኛል።