ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ቱቦ

ይድረስ ለውድ ልጄ፦ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ በሄድሽበት ሁሉ ደህና ሰው ይግጠምሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የኩሽናው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። ታናሽሽ ፈተናውን አልፋለች።

በደወልሽ ቁጥር «አባትሽ ሥራ ላይ ነው» የምልሽ ውሸት ነው፤ ይቅር በይኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ በዚያች አሮጌ አጭር የአየር ቱቦ የጭነት መኪና ጎማ ላይ አጎንብሶ ሲነፋ ጎማው ፈነዳበት። ቸርኬው ተስፈንጥሮ ቀኝ ክንዱን አገኘው። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን አደረጉት። ሦስት ጣቶቹ የሉም፤ የቀሩትም አይታጠፉም። ስንት ዘመን ጎማ የፈታ እጅ ዛሬ ብርጭቆ አያነሳም። ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚያስቆልፈኝ።

አምና «ከጎማው ራቅ ብሎ ቆሞ ይንፋበት» ብለሽ የላክሽለት ረጅም ቱቦ አለ። ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። «እስቲ አውጪልኝ» ሲለኝ፣ «ልጄ ከባሕር ማዶ የላከችውን ዕቃ በግሪስ ልታጨማልቀው ነው?» ብዬ ቆለፍኩበት። ደህና ቀን እስኪመጣ ብዬ ነበር።

እሱ ስለ ቱቦው እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውዪለት፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ስለ ቱቦው ግን አደራ፣ እኔ እየሰማሁ አትጠይቂው።

ሁለቱንም እጅሽን ከክፉ ይሰውርልኝ።

እናትሽ