ባለቤቱ ያልታወቀ ቃል

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። አባትሽ በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ ጀምሯል። ሲያፈስ እሱ ይናደዳል፣ እኔ አላየሁም እላለሁ።

አንድ ጉድ ልንገርሽ። ካመመው ወዲህ ተይዞ የነበረው አንደበቱ ተፈታ፤ የተፈታው ግን በፈረንሳይኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምረው የኖረው ቋንቋ ቀደመና የእናቱ ቋንቋ ኋላ ቀረ። የንግግር ሐኪሟን ብጠይቃት፣ "አንዳንዴ ያጋጥማል፣ እማማ። በመጣበት በር ይምጣ። ቃሉን ቆራርጠው አብረውት ይናገሩት" አለችኝ።

እንግዲህ ከጨርቅ ሌላ ቀድጄ የማላውቀው ሴትዮ ፈረንሳይኛ ስቀድ እውላለሁ። የድሮ መማሪያ መጽሐፉን ከፍተን፣ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረግን እንቆርጣለን። በሁለት አናባቢ መሃል አንድ ተነባቢ ከተገኘ ከኋለኛው ጋር ይሄዳል፤ ሁለት ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ። ጃንጥላ የሚለው ቃል፣ ፓ-ራ-ፕሉዊ ላይ ስንደርስ "ፕ እና ል ለምን አልተለያዩም?" አልኩት። ሁለት ጣቶቹን አጣብቆ አሳየኝ። አንዳንዶቹ አይለያዩም ማለቱ ነው።

ፓራ መከላከያ፣ ፕሉዊ ዝናብ መሆኑን ታውቂያለሽ? የኛ ጃንጥላ ውስጥስ ጥላ እንዳለ እስከዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። "ረ" ደግሞ ፊት ሲገባ "እንደገና" ማለት ነው፤ ፌር መሥራት፣ ረ-ፌር እንደገና መሥራት። ሳላውቀው ስንት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ኖርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ መጽሐፉን ሳልከፍት በራሱ "ረ-ቨ-ኒር" አለ። ቨኒር መምጣት መሆኑን ተምሬያለሁ።

"ንግግሬ ይመለሳል ነው የምትለው?" አልኩት።

አይደለም ብሎ ራሱን ወዘወዘ።

"ወደ ማስተማሩ ልመለስ ነው የምትለው?"

በኔ ድንቁርና ተናዶ ከዘራውን ይዞ ተነሣ። ከሄድሽ ጀምሮ እጁ ነክቶት የማያውቀውን የክፍልሽን በር ከፈተ። አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እየመታ ደገመው፤ ረ-ቨ-ኒር።

በኛ ቋንቋ "ተመለስ" ወይም "ተመለሺ" ሲባል የተጠራው ሰው ይታወቃል። ይሄኛው ግን ማን እንደሚመለስ አይናገርም። ብቆርጠው ብቀጥለው ባለቤቱን አጣሁት። አንቺ በዚያ ቋንቋ ውለሽ ስለምታድሪ ይገባሽ ይሆናል ብዬ ነው። በሁለታችሁ ኩርፊያ መሃል መግባቴ አይደለም። ሥራ እንደሚበዛብሽም አውቃለሁ።

ጊዜ ስታገኚ ጻፊልኝ። ክፍሉን ልዝጋው ብል እሺ ስላላለኝ፣ አንሶላውን አጥቤ በሩን ክፍት ትቼዋለሁ።

መውጫ መግቢያሽን ያሳምርልሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው።

እናትሽ