ይተነፍሳል ብዬ ጽፌ

ማክሰኞ፣ ህዳር 9

ጤነኛ ነው ብሎ አንብቦታል! ኧረ በስመአብ! ሪፖርቴ ላይ «የአየር መስመሩ በብዙ ቦታ ይተነፍሳል» ብዬ ነው የጻፍኩት። ጎማ ተነፈሰ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጉርድ ሾላ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ያውቃል። የኛ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደረጄ፣ ማስተርስ አለኝ ባዩ ሰውዬ፣ ለፋብሪካው ባለቤት ምን ብሎ ቢያስረዳ ጥሩ ነው? «አየሩ ደህና ነው፤ የጥገና ኃላፊዋ ራሷ ሲስተሙ ይተነፍሳል ብላለች።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ጫልቱ እስክትገባ ድረስ። ጫልቱ የሦስተኛው መስመር አለቃ ናት፤ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ የሚነፋው ማሽን ላይ ሰባት ሴቶች ይዛ ትሠራለች። ዓይኗ ቀልቷል። ማስታወቂያ ተለጥፏል አለችኝ። ሄጄ አነበብኩት። አየሩ ደህና ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ተጨማዶ የሚወጣው በማሽኑና በሠራተኞቹ ችግር ነው። ስለዚህ ሦስተኛው መስመር ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋል፣ ስምንቱም ይሰናበታሉ።

በአንዲት ቃል! ያውም በኔ ቃል።

ረቡዕ፣ ህዳር 10

ጠዋት ቢሮው ገባሁ። ለሕፃን እንደማስረዳ ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ኮምፕሬሰሩ አየር አምቆ ለሦስቱም መስመር ይልካል፤ ቧንቧው በየመገጣጠሚያው ስለሚያሾልክ እነጫልቱ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል፤ ማሽናቸው ምንም አልሆነም።

«ታዲያ ያፈሳል አትይም ነበር?» አለኝ።

«የሚያፈስማ ጣራ ነው። አየር ይተነፍሳል።»

«አንቺ ደግሞ!» አለና ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለባለቤቱ የነገረውን ማጠፍ እንደማይችል ነገረኝ። ማስረጃ ካለኝ ላሳየው። በሳሙና አረፋ ላሳይዎት አልኩት፣ ቧንቧው ላይ ሲቀባ በሚያሾልክበት ሁሉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ለሱፉ ፈራ። እንግዲያው ፋብሪካውን ግማሽ ቀን እናቁመውና፣ ማንም አየር ሳይጠቀም ኮምፕሬሰሩ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ እንቁጠር፣ ከተነሳ አየሩ እየሾለከ ነው አልኩት። ማቆም የማይታሰብ ነው።

«አየር እኮ ነው ሰብለ። አየር በነጻ ነው።»

አየሩስ በነጻ ነው። የሚያምቀው ሞተር በምን ይዞራል? በጸሎት? ወይ ጉድ! ማን ነው ይሄን ሰውዬ ያስመረቀው?

ሐሙስ፣ ህዳር 11

አለቆቻችን ዛሬ እንጦጦ ፓርክ ወጥተው ዋሉ። ለምን? ስለ ኃይል ቁጠባ ሊወያዩ! እኔ አልተጠራሁም። ጥገና ክፍልን ከኃይል ጋር ምን አገናኘው!

ከሰዓት በኋላ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየሸተቱ ውሳኔ ይዘው ወረዱ፦

— ከቢሮ ሲወጡ መብራት ማጥፋት።
— ሻይ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ማፍላት።
— «ኃይል መቆጠብ ባህላችን ነው» የሚል፣ ቀድሞ የታተመ ባነር መስቀል።

ባነሩን የት ሰቀሉት? ኮምፕሬሰሩ ክፍል በር ላይ። ከበሩ ጀርባ ቧንቧው እያፏጨ ነው። ሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሱ።

የኛም ሠራተኞች ከነሱ አይሻሉም። ሲወጡ ልብሳቸውን በአየሩ ጎማ ያራግፋሉ፤ አንዱማ ተጣጥቦ ፀጉሩን ያደርቅበታል። ስቆጣው «ንፋስ ነው እኮ» አለኝ። ደንቆሮ ሁሉ!

ነገ በዓል ነው፤ የቀረን ቅዳሜ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ህዳር 12፣ ሚካኤል

የካ ሚካኤል አንግሠን ስንመለስ ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆኗል፣ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ፋብሪካው ዝግ ነው። የካ ውስጥ በህዳር ሚካኤል ሰው የሚያሠራ አለቃ ገና አልተወለደም። በአጥሩ ጥግ ሳልፍ ግን ኮምፕሬሰሩ ሲያጓራ ሰማሁ።

ጥበቃውን ጋሽ ይመርን ማን እየሠራ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ማንም የለም ልጄ። አጥፉት ያለኝም የለም» አሉኝ።

ነጠላዬን ሰብስቤ በርጩማቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ይነሳል፣ ያጓራል፣ ዝም ይላል። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይነሳል። አንድም ማሽን ሳይዞር! ረቡዕ ለምኜ የተከለከልኩትን ሙከራ ሚካኤል ሰጠኝ።

ለአቶ ደረጄ ደወልኩ። ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። ሰዓቱን እያየ ቆመ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራቴ እስኪነሳ።

«አሁን ለማን ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«ለማንም።»

ኩም አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እስከ ነገ ከሰዓት አስተካክዪና መስመሩን እናየዋለን ብሎ ሄደ።

ለጫልቱ ደወልኩላት፣ ሴቶቹን ይዛ ከች አለች። በሚካኤል መፍቻ አናነሳም አሉ። «መስማት ግን ሥራ አይደለም» አለች ጫልቱ። ሞተሩ ዝም ባለ ቁጥር ጆሯቸውን እየደገኑ፣ ሽውታ በሰሙበት ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ አሰሩ። ቧንቧው ስለት የተሳለበት ዛፍ መሰለ።

«ሰብልዬ፣ ነይ ይሄን ስሚ!» አለችኝ ጫልቱ ከአየር ታንኩ ጀርባ።

ታንኩ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ማውጫ ቫልቭ ነው። ግማሽ ድረስ ተከፍቶ በሽቦ ታስሯል። አየሩ ከቫልቩ ጋር በተያያዘ የጎማ ቱቦ ሾልኮ ቦዩ ውስጥ ስለሚወጣ በሥራ ቀን አይሰማም። ከሁሉም የባሰው እሱ ነው።

ሽቦውን አወቅኩት። ክረምት ላይ ውሃው አላስቀምጥ ሲለኝ፣ በራሱ ይውረድ፣ ለጊዜው ነው ብዬ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ለጊዜው!

«የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ጫልቱ። ሌላ ጨርቅ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 13

ከጠዋት ጀምሮ ጨርቅ ያለበትን ሁሉ ስናጠብቅ፣ ያረጀ ላስቲክ ስንቀይር ዋልን። ቫልቩን ማንም ሳያየኝ ዘጋሁት። ከሰዓት ሦስቱም መስመር አንድ ላይ ተነሳ፤ የግፊት መለኪያው ንቅንቅ አላለም። የነጫልቱ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ጀመር። አቶ ደረጄ ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ቀደደው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ሰውዬው ግን ስለ ቫልቩ ከማን እንደሰማ እንጃ። «ማነው ያሰረው? ለባለቤቱ አንድ ጥፋተኛ ማቅረብ አለብኝ» አለ። ታንኩ ከሦስተኛው መስመር ጀርባ ነው። ዓይኑ ጫልቱ ላይ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ደብተር ላይ ያልሰደብኩት ሰው የለም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርስሻል አለኝ። ይድረሰኝ። እሱ ምንም አልመሰለኝም። ጫልቱ ግን በር ላይ ጠብቃኝ ነበር።

«ማክሰኞ ልጄን ቁጭ አድርጌ፣ ከትምህርት ቤት ልትወጪ ነው አልኳት። ስታለቅስ አደረች። አንቺ ነሽ እንግዲህ?»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ሄዳለች።

እሁድ፣ ህዳር 14

ሁለቴ ደወልኩላት። አታነሳም። ደረጄን ለመስደብ ብዕር አንስቼ ነበር፣ ግን ምንም አልመጣልኝ አለ።

ነገ ሰኞ በአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ትገባለች። ሰላም ብትለኝ እሰየው። ባትለኝም ትገባለች።